ለጨዋታ ዳኛው ማን ነው?

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላምን፣ ቀጥሎም ማንኩሳንና ቡሬን ያገኛል። በእነዚህ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ እንደ ሌሎቹ የሀገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ከቆርቆሮ ወይም ከሸራ ጥላ ሥር የቆመ የጆተኒ ጠረጴዛ ለብዙ ዓመታት የወጣቱ መሰብሰቢያ ሆኖ ኖሯል። ሁለት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን በቆሙበት ሥፍራ ደግሞ ዘወትር የሚታይ ነገር አለ። አንደኛው ባዶውን ይውላል፤ በሌላኛው ዙሪያ ተራ ጠባቂው ይጋፋል። ዋጋው አንድ ነው፤ ሕጉም ያው «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። ልዩነቱን ልጆቹ ያውቁታል። የአንዱ ብረት ዘይት ጠጥቶ እንደ ልብ ይሽከረከራል፣ የሌላው ይነክሳል፤ የአንዱ ሜዳ ውኃ ልኩን የጠበቀ ነው፣ የሌላው ኳሷን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይወስዳታል። ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው። ድምፅ የሰጠ የለም፣ ዋንጫም የተሸለመ የለም።

ለመሆኑ የአንድን ጨዋታ ማለፊያነት የሚመሰክረው ማን ነው? የከፈለበት ነው? በድምፁ የመረጠው ነው? ወይስ ቆሞ ያየው? ጥያቄው የልጆች ጉዳይ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሺህ ዶላሮች የሚወጡበት፣ በየዓመቱ ሽልማት የሚሰጥበት፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ ያልበረደለት አንድ ኢንዱስትሪ በዚሁ ጥያቄ ላይ ቆሟል። እርሱም የፒንቦል ኢንዱስትሪ ነው።

ፒንቦልን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ እንግለጸው። ወደ ተጫዋቹ ዘንበል ያለ፣ በመስታወት የተከደነ ረጅም ሣጥን ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ሞላ ስቦ ሲለቁት አንዲት የብረት ኳስ ወደ ላይ ትወነጨፋለች፤ ስትመለስም በየመንገዷ ያለውን ደወልና መብራት እየነካች ነጥብ ታስቆጥራለች። ከታች ጉድጓድ አለ፤ ከገባች አበቃ። እንዳትገባ የሚከላከሉላት በጣት የሚታዘዙ ሁለት ትንንሽ መምቻዎች ናቸው። ጣሊያኖች ጨዋታውን በሙሉ በእነዚህ መምቻዎች ስም «ፍሊፐር» ይሉታል። የጆተኒያችን ስምም፣ ለጆሮ ብቻ ቢሆን፣ በመጫወቻ መኪና ውስጥ የሚጨመረውን ክብ ብረት ጣሊያኖች ከሚጠሩበት «ጄቶኒ» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል።

ሞላው በአሜሪካ በሞንታግ ሬድግሬቭ ስም የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ለገበያ የበቃው ግን በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። በ1931 የጎትሊብ ኩባንያ «ባፍል ቦል» የተባለውን አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ሬይ ሞሎኒ «ባሊሁ»ን አስከተለ። ሥራ የፈታ ሰው ለመጠጥ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ለአንድ ጨዋታ የሚሆን አንድ ፔኒ አያጣም ነበር። የመጀመሪያው ዳኛ እንግዲህ ይህች ፔኒ ነበረች። መኪናውን በየቡና ቤቱ የሚያስቀምጠው ነጋዴ ሣጥኑን ከፍቶ ይቆጥራል፤ የሞላውን ደግሞ ያዝዛል፣ ያልሞላውን ያነሣል። ፋብሪካውም የነጋዴውን ትእዛዝ እያየ ይሠራል። ከዚህ የከረረ ምርጫ አይገኝም፤ መራጩ በሰጠው ድምፅ ልክ ከኪሱ ይጎድልበታልና።

ቀጥሎ የመጣው ዳኛ መንግሥት ነው። የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ላጓርዲያ በ1942 «ይህ ቁማር ነው» ብለው ከለከሉት፤ መኪናዎቹም በመዶሻ ሲሰበሩ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። አንድ ነገር ግን በከንቲባው በኩል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ፒንቦል መምቻ አልነበረውም። ኳሷ ከተለቀቀች በኋላ ተጫዋቹ ሣጥኑን ከመነቅነቅ በስተቀር የሚያደርገው አልነበረም። መምቻው የመጣው «ሃምፕቲ ደምፕቲ» ከተባለው መኪና ጋር በ1947 ነው። ክልከላው ግን ነገሩ ከተለወጠ በኋላም ወደ 30 ዓመት ቆየ።

ክልከላው የተነሣበት ታሪክ ለጥያቄያችን የቀረበ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ በኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ፒንቦል የዕድል ሳይሆን የችሎታ ጨዋታ መሆኑን እንዲያሳይ ተጠየቀ። ሁለት መኪናዎች ቀርበው ነበር። ሻርፕ ሊጫወትበት የተዘጋጀበትን አንደኛውን አንድ የምክር ቤት አባል ተጠራጠሩትና «በተጠባባቂው ተጫወት» አሉት። ሻርፕ ሞላውን ከመልቀቁ በፊት «አሁን ኳሷ በመካከለኛው መንገድ ታልፋለች» ብሎ ተናገረ፤ ለቀቃት፤ አለፈችም። ምክር ቤቱም ክልከላውን አነሣ። እዚህ ላይ ገንዘብም የምርጫ ወረቀትም አልፈረደም። የፈረደው ቆሞ ያየ ሰው ነው።

የፔኒዋና የአፍቃሪው ፍርድ አንድ አለመሆኑን ለማየት ሁለት መኪናዎችን ማነጻጸር ይበቃል። በ1992 ፓት ላውለር የነደፈው «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» 20,270 ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል የተሸጠ ዘመናዊ ፒንቦል የለም። ከ5 ዓመት በኋላ ብራያን ኤዲ የነደፈው «ሜዲቫል ማድነስ» የተሸጠው ግን ወደ 4 ሺህ ብቻ ነው፤ የመጣው ገበያው ሲቀዘቅዝ ነበርና። በሳንቲም ሚዛን ቢመዘን ፉክክር የለም። ይሁንና አፍቃሪዎች ደረጃ ሲያወጡ ለብዙ ዓመታት በቁንጮው የተቀመጠው የኋለኛው ነው። ግንቡን እየደበደቡ የሚያፈርሱበት፣ ቀልዱም የማይሰለች ጨዋታ ስለሆነ ተፈላጊነቱ ጨምሮ ሌላ ኩባንያ እንደገና እስከ መሥራት ደረሰ። አሠሪው ዊሊያምስ ግን ያን ቀን አላየም፤ በ1999 ፒንቦል መሥራቱን አቁሟል።

ዛሬ ሁኔታው ተገልብጧል። ከሚሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ቡና ቤት ሳይሆን ወደ ሰው ሳሎን ነው። የአንዱ ምርጥ ዓይነት ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ከሣጥን የሚቆጠር ሳንቲም ሲጠፋ ምስክርነቱን የወሰደው በአፍቃሪዎች ድምፅ የሚሰጠው ዓመታዊ ሽልማት ነው። ከእነዚህ የታወቀው «ትዊፒ» ይባላል። የ2021ን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት የወሰደው የስተርን ኩባንያ «ጎድዚላ» ነው። ነዳፊው ኪት ኤልዊን ነዳፊ ከመሆኑ በፊት በዓለም ሻምፒዮናነት የታወቀ ተጫዋች ነበር፤ እጁ የሚወደውን ያውቃል። «ጎድዚላ»ን የተጫወቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ሽልማቱ ይገባዋል ይላሉ፤ እኛም በዚያ ላይ ክርክር የለንም።

ክርክራችን በአመራረጡ ላይ ነው። የ2025ን ሁለት ታላላቅ መኪናዎች እንውሰድ። የስተርን «ኪንግ ኮንግ» የዚያው የኤልዊን ሥራ ነው፤ የጀርዚ ጃክ «ሃሪ ፖተር» ደግሞ በኤሪክ ሙኒየር የተነደፈ ነው። የመጀመሪያው ቀድሞ ወጣ፤ ሁለተኛው ወደ ዓመቱ ማብቂያ። ቀድሞ የወጣውን ብዙ ሰው ለመጫወት ጊዜ ያገኛል፤ ግን እንከኑም አብሮ ይታወቃል። ዘግይቶ የወጣውን ብዙው መራጭ ያየው በሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይሰበርም። የመጀመሪያው የነዳፊው ስም ይረዳዋል። ሁለተኛው በዓለም ዙሪያ በተነበበ መጽሐፍና በታየ ፊልም ላይ የቆመ ስለሆነ ፒንቦል ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ይወደዋል። ትልቁ ኩባንያ ብዙ መኪና ስለሚሸጥ ብዙ መራጭ አለው፤ ትንሹ ኩባንያ ጥቂት ቢሸጥም የገዙት ሰዎች ነበልባል ናቸው። ልብ በሉ፤ ከዘረዘርናቸው ነገሮች መካከል ኳሷ እንዴት እንደምትሮጥ የሚናገር አንድም የለም። 10 ሺህ ዶላር ያወጣበትን ዕቃ ደግሞ ማን ያማዋል? ለመኪናው የሰጠው ድምፅ ለራሱ ብልህነት የሰጠው ድምፅ ጭምር ነው።

የእኛም ሀገር በሕዝብ ድምፅ ለሚሰጥ ሽልማት እንግዳ አይደለችም። «ለዛ የአድማጮች ምርጫ» ለዘፈንና ለአልበም የሚሰጠው ሽልማት የታወቀ ነው፤ በየሻይ ቤቱ ያስከተለው ሙግትም እንዲሁ። ለጨዋታ ግን ሌላ የቆየ ዳኝነት ነበረን፤ እርሱም የተመልካች ነው።

የአበሻውን ሰንጠረዥ ለምሳሌ እንመልከት። በዳግማዊ ራስ ዓሊ ዘመን የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው ያስከትታሉ፤ ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይዘባበታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አሸናፊው ማሸነፉ ብቻ የማይበቃው መሆኑ ነው። በኃይለኞቹ ጠጠሮች፣ በደር ወይም በፈረስ፣ ንጉሡን ማት ያለ ሰው እንደ ተራ ይቆጠራል። በደካሞቹ፣ በተለይም በመደቅ፣ በተራው ወታደር ማለት ነው፣ ማት ያለ ግን ይወደሳል። ድሉን የሚመዝነው እንግዲህ ተሸናፊው አይደለም፤ ዙሪያውን ያለው ዓይን ነው። የምርጫ ወረቀት ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ወረቀት ማን እንደበለጠ እንጂ እንዴት እንደበለጠ አይጠይቅም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተተከለው ከረንቡላም ይህንኑ ጠባይ ወርሷል። ቡሬ ከደረሰባት ወረራ የተላቀቀችው በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ጠላትን ወደ ደምበጫ በገፉበት ጊዜ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ጨዋታው ግን በየከተማው ቀረ። ጉድጓድ በሌለው ባለ አረንጓዴ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ኳሱን በእጅ እየወረወሩ፣ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ አንጥረው መካከል የቆሙትን ትንንሽ እንጨቶች መጣል ነው። በቀጥታ የጣለና ሦስት ጠርዝ አስነክቶ የጣለ ነጥቡ እኩል ሊሆን ይችላል። የተመልካቹ ማጉረምረም ግን እኩል አይደለም። አዛውንቶች ኩርሲያቸውን ወደ ጠረጴዛው የሚያስጠጉት ለዚህ ነው።

የጆተኒውን ጠረጴዛ የሚሠሩት የየከተማው አናጺና ብረት በያጅ ናቸው፤ ስለዚህ ፍርዱ ወደ ሠሪው ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። ኳሷ ወደ ጥግ ከሸሸች ባለቤቱ በማግስቱ ከአንዱ እግር በታች ሽብልቅ ይከታል፤ ካልሆነ ወደ አናጺው ይልከዋል። የአሜሪካው ነዳፊ ግን ዛሬ ሥራውን የሚያውቀው ከመራጮች ነጥብ ነው። ይህን ስንል የእኛው ፍጹም ነው ማለታችን አይደለም፤ በጆተኒው ዙሪያ የሚጋፋው ተመልካች ብዙ ጊዜ ተራውን የሚጠብቅ፣ የሸነፈውም ጓደኛው እንዲወድቅ የሚመኝ ነው። ሴት ልጆችም በዚያ ዙሪያ ሲቆሙ እምብዛም አልታዩም፤ ዳኝነቱ የግማሹ ከተማ ብቻ ነበር።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ገጠሩ፣ ወደ ቡሬና ወደ ጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች የሄደ ሰው ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ዳኝነት በገና ሜዳ ላይ ያገኘዋል። ሁለት መንደር በቆልማማ ዱላ ሩሯን ይመታል። ዋንጫ የለም፤ ነጥብ የሚጽፍም የለም። በዚያ ቀን ጌታ እንደማይቆጣ ተረቱ ስለሚናገር ባላባቱም ሎሌውም እኩል ይሰደባል። የተሸነፈው መንደር ላይ እዚያው ሜዳው ላይ ግጥም ይገጠምበታል። ግጥሙ ካማረ በእረኞች አፍ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል፤ ካላማረ ማታውኑ ይረሳል። የተሸነፉት እስከሚመጣው ታኅሣሥ 29 ድረስ መልስ የላቸውም፤ ዱላቸውን የሚያቃኑትም ከዚያ አስቀድሞ፣ ገና በኅዳር ነው።