ድር፣ ስንቅና ደብዳቤ፦ የጣና ዳር ሴቶች ያልተጻፈ ታሪክ



የባሕር ዳርና የጣና ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ገዳማቱና ስለ ዓባይ ድልድይ ነው። የእናቶቻችን ሥራ ግን ዕለት ዕለት የሚሠራ፣ ዕለት ዕለትም የሚያልቅ በመሆኑ ታሪክ አይባልም። እንጀራው ይበላል፣ ጋቢው ይነትባል፣ ደብዳቤውም ይጠፋል። በዚህ እትም እጃችን ያለፈበትን ሁሉ ባይሆንም ሦስቱን እናነሣለን።

ፈትል

በአገራችን ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ከቆላ የመጣው ጥጥ ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ልቃቂት ሆኖ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የሚበላው ፈትል ብዙ ነው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ የሚፈትሉት ከማጀት ሥራ በተረፈች ሰዓት፣ ቡና እስኪፈላ፣ ልጅ እስኪተኛ ነበር። ሸማኔው የእጁን ዋጋ ይቀበላል። የፈታይዋ ድካም ግን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ጠባይ ይቆጠርና “ባለሙያ ናት” ተብሎ ይታለፋል።

ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። መነኮሳቱ የሚደርቡት ጋቢ ግን ሴት የፈተለችው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ገብርኤል ብሥራቱን ይዞ ሲመጣ እመቤታችንን ያገኛት ሐርና ወርቅ ስትፈትል ነው፤ ሠዓሊዎችም እንዝርት አስይዘው ይሥሏታል። እንዝርት ስሟ ባይጠራም ከክብር ቦታ አልጠፋችም።

እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተከተለ። ብዙ ሴቶች በፈረቃ ገብተው፣ በስማቸው ፈርመው ደመወዝ መቀበል ጀመሩ። ቤት የቀሩትም እንዝርታቸውን አልጣሉም። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግን ለመደ። ዛሬም ገበያ ላይ ጥሩ ነጠላ ስናይ ድሩ የማሽን፣ ማጉ የሴት እጅ መሆኑን እናስታውስ።

ድሪቶ

ጋቢ ሲያረጅ አይጣልም ነበር። ያልሳሳው ተቆርጦ ከሌላው ጋር ይሰፋል፤ የሱሪ ቁራጭ፣ የቀሚስ ጫፍ፣ የጆንያ ጨርቅ ይጨመርበታል። ይህ ድሪቶ ነው። ቃሉ ዛሬ መሳለቂያ ሆኗል፤ ድሪቶ መልበስ ድህነትን ማሳየት ነውና። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን የጣናን የክረምት ብርድ በድሪቶ ሥር ያሳለፍነው?

በሌላ አገር ይኸው ሥራ ሌላ ዕድል ገጥሞታል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በምትባል ገጠርና በአካባቢዋ የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የጊስ ቤንድ ሴቶች የሰፉት በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየ። በእነርሱና በእናቶቻችን መካከል ያለው ልዩነት የመርፌው አይመስለንም። እነርሱ ሥራቸውን በስማቸው አስመዘገቡ፤ እኛ ግን ድሪቶአችንን እንግዳ ሲመጣ እንደብቃለን።

ስንቅ

የጣና ዳር ማጀት ራሱን የቻለ ነው። ቆሮሶውና አምባዛው ከሐይቁ፣ ጤፉና ዳጉሳው ከማሳው ይመጣል። የዘጌ ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር አምጥቶ ሸጦ እህል ይዞ ይመለሳል። ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የምትደርሰው ጀልባም ከሰዉ ጋር ቋጠሮ ትጭናለች።

በቋጠሮው ውስጥ ያለው የሴት ዕውቀት ነው። እንጀራ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ውሃው ስለወጣ አይሻግትም። በሶ የሚጠይቀው ውሃና ጨው ብቻ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ መንገድ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ልጅን ሩቅ አገር ሆኖም የመመገብ ጥበብ ነው። ዛሬ ሻንጣችን ውስጥ ሆኖ ዱባይና ዋሽንግተን የሚገባው በርበሬ የዚያው ስንቅ ታናሽ ነው።

የስንቁ ወዳጅ ቡናም ታሪክ አለው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት ይነቀፍ ነበር። ከጥንት የነበረ የሚመስለን የጎረቤት ቡና በብዙ ቤት የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ልማድ ነው።

ወሬ

ከሩቅ ወዳጅ ጋር መጨዋወትም እንዲሁ በእጅ የሚሠራ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች እናት ደብዳቤዋን የምታጽፈው በደብተራ ወይም በተማሪ እጅ ነው። “ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ” ይባልና የልብ ነገር ግን ይቀራል፤ በሌላ ሰው ብዕር ምስጢር አይነገርምና። ለዚህ ነው በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሴቶች ትልቅ ነገር የነበረው። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለእህታቸው የሚሉትን በገዛ እጃቸው ጻፉ። ቀጥሎ ድምፅ በካሴት ተቀድቶ በመንገደኛ እጅ መላክ መጣ፤ ከዚያም የሞባይል ስልክ፣ ኢሞና ቴሌግራም።

የሚመጣው ሁሉ ግን ጸንቶ አይቆይም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለብዙ ወራት የልጆቻችንን ፊት ሳናይ ቆየን። ያን ጊዜ ሳጥን ከፍተን ያገኘነው የድሮዎቹን ደብዳቤዎች ነው። በስልካችን የነበሩት የድምፅ መልእክቶች ግን ስልኩ ሲበላሽ አብረው ሄደዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው የወር ቡናችን እያንዳንዳችን አንድ ነገር ይዘን እንምጣ፦ ድሪቶ፣ እንዝርት፣ አሮጌ ደብዳቤ፣ ካሴት ወይም የእናታችንን የድርቆሽ አሠራር። ፊደል የቆጠረችው ላልቆጠረችው ትጽፋለች፤ የሠራችውም ሴት ስሟ ከሥራው አጠገብ ይሰፍራል። ደጋፊዎቻችንም ደብተርና ድምፅ መቅጃ ብትረዱን፣ የምትረዱት አንድ መዝገብ እንዲጀመር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ድሩን የፈተለችው ማን እንደሆነች ደግሞ አሁን እንጻፈው፤ ሊነግሩን የሚችሉት እናቶች ገና ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣሉና።