ላዳዋን ስንከፍታት

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ ላዳ ከፍተን ነበር። ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ከኮፈኗ ሥር ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። በመኪናዋ አትፍረዱ፤ ዘይቷን በጊዜው ያልቀየርንላት እኛ ነን። ካምሻፍቷ ተበልቷል፣ የቫልቮቿ ኦይል ሲሎች ደርቀዋል። ለጋራዥ የሚሆን ብር ስላልነበረን "ራሳችን እንሞክረው" አልን። ለክፉም ለደጉም ብለን ግን የሰፈሩን አንጋፋ መካኒክ ለምነን ዛፍ ሥር ወንበር አወጣንላቸው።

ሥራው ተጀመረ። እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዝዛሉ፦ "ካቻቢቴ አምጣ! ፒንሳውንም! ካንዴላዎቹን ፍታ! ጓርኒሲዮኑን እንዳትቀደው!"

ከመሃላችን አንዱ ሳቀና፣ "ጋሼ፣ ጣሊያንኛ የት ተማሩ?" አላቸው።

"እኔ? አንድም ቃል አላውቅም!"

እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ይኼ ሁሉ አማርኛ ነው። እኛ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብሎን መፍታቱን ትተን ታሪክ መፍታት ጀመርን።

የጋራዡ አማርኛ

አኪሌ ስታራቼ የተባለው የፋሺስት ሹም ጦሩን በጭነት መኪና ጭኖ ከኤርትራ ተነሳና በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። በሚያዝያ ደግሞ ጣናን ዞሮ ባሕር ዳር ደረሰ። እስከዚያ ድረስ በሐይቁ ዳር ትልቁ መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር። ወራሪው መርዝ ጋዝና ቦምብ ይዞ መጣ፤ መኪናም ይዞ መጣ። መኪና ደግሞ ይበላሻል። ሲበላሽ ጎንበስ ብሎ መፍቻ የሚያቀብል ሰው ይፈለጋል፤ ያ አቀባይ ብዙ ጊዜ ያገሬው ልጅ ነበር። ማንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ አላስተማረውም፤ እያየ፣ እየተሰደበ ለመደ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተሸንፎ ከወጣ በኋላም አገሩን ያልለቀቁ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ጋራዥ የከፈቱም አሉበት። ስለዚህ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ የሚሉት ቃላት አብረው ቀሩ። ታላላቆቻችን "ኤንትሬ" የሚሉት የጭነት መኪናም ስሙን ያገኘው ከፊያት "ኤን 3" ነው፤ ጣሊያኖቹ ሦስትን "ትሬ" ስለሚሉ።

እና ስታራቼን እናመስግነው? በጭራሽ! ምስጋናው እየተሰደበ ለለመደው ልጅ ነው።

ካሳና ፖሊ

ጣሊያን በ1948 ዓ.ም. የጦር ካሳ ልትከፍል ተስማማች። ከዚያ ገንዘብ አንዱ ክፍል የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሆነ፤ ሥራ የጀመረው በ1953 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። እኛ "ፖሊ" የምንለው ማለት ነው። የእርሻ መሣሪያ፣ ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት አንዱ እግሩ ይኸው ፖሊ ነው።

ልብ በሉ፤ ባሕር ዳር ከጣሊያን በካሳ፣ ከሩሲያ በእርዳታ የተሠራች ከተማ ናት። እናላችሁ፣ ላዳዋም ቁርጥ እንደሷ ናት!

ከቶሪኖ እስከ ቶልያቲ

በ1958 ዓ.ም. ክረምት ላይ ፊያትና ሶቭየት ኅብረት ውል ተፈራረሙ። ፊያት 124 የተባለችው የቤት መኪና በሩሲያ ልትመረት ነው። ፋብሪካው የተተከለበት ከተማ ስሙ ቶልያቲ ነው፤ በጣሊያኑ ኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም የተሰየመ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1962 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወጡ።

ሩሲያዎቹ ግን መኪናዋን እንዳለች አልተቀበሏትም። መንገዳችን መጥፎ ነው ብለው ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ቆርቆሮዋን አወፈሩ፣ የኋላ ፍሬኗን ቀየሩ። ትልቁ ለውጥ ግን ሞተሯ ላይ ነው። ፊያቷ ላይ ካምሻፍቱ ታች ሆኖ ቫልቮቹን በዘንግ ይገፋ ነበር፤ ላዳዋ ላይ ግን ከላይ፣ ቴስታታው ላይ ተቀመጠ።

ለእኛ ትልቅ ውለታ ነው። ካምሻፍት ለመቀየር ሞተር ማውረድ ቀረ፤ የላይኛውን ክዳን ማንሳት ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ ግን ካሙ ቶሎ መበላት አበዛ። በኋላ ፋብሪካው ገጹን የሚያጠነክርበትን ዘዴ ቀየረ። የካምሻፍቱ ሆድ ክፍት ነው፤ ዘይት በውስጡ አልፎ ነው የሚያለሰልሰው። ዘይቱ ከቆሸሸ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ብረት ብረትን ይበላል። የኛ ጉድ ይኼ ነበር።

ዛፍ ሥር

ጋሼ ሦስት ነገር አጥብቀው አስተማሩን። አንደኛ፣ ምንም ሳትፈታ በፊት የጥርሱን ምልክት ከቴስታታው ምልክት ጋር አገናኝ። ሁለተኛ፣ ካቴናውን በሽቦ እሰረው፤ ውስጥ ከወደቀ ቀኑን ሙሉ ስታጠምድ ትውላለህ። ሦስተኛ፣ ዘጠኙን ዳዶ ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር በየተራ እሰር፤ አንዱን ጎን ቀድመህ ካሰርክ ይጣመማል።

ስምንቱን ኦይል ሲሎች ስንቀይር ቫልቮቹ ሲሊንደሩ ውስጥ እንዳይወድቁ በካንዴላው ቀዳዳ ለስላሳ ነገር አስገብተን ደገፍናቸው። ከአዲሱ ካም ጋር የሚገፋቸውን ሮከሮችም አዲስ አደረግን፤ አሮጌው አዲሱን ይበላዋልና። በመጨረሻ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክፍተቱን 0.15 ሚሊሜትር ላይ አስተካከልን። ጋሼ ልኬቱን በጣታቸው ሳብ አድርገው "ልክ ነው" አሉ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ጭስ የለም!

ማን ጻፈው?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ካምሻፍት የለውም፣ ካንዴላም የለውም። ክፉ ነው አንልም፤ ለጣና አየር ይበጃል። ግን ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረው ዕውቀት የት ይሄዳል? ፖሊ ዲፕሎማ ሲሰጥ ስም መዝግቧል። ጋራዡ ግን አልመዘገበም። ከጣሊያኑ ማን ተማረ፣ እሱስ ማንን አስተማረ? የከተማችን ግማሽ ታሪክ እዚያ ግሪስ ውስጥ ነው፤ የጻፈው ሰው አላየንም።

ጋሼን "ይኼን ሁሉ ማን አስተማርዎት?" አልናቸው። የአንድ ሰው ስም ጠሩ። "እሱንስ?" አልናቸው። ዝም አሉ። "አልጠየቅሁትም" አሉ በመጨረሻ፤ ሲሉትም ከፋቸው።

እናንተ ግን ጠይቁ። በየሰፈራችሁ አንድ ጋሼ አይጠፋም። ደብተር ያዙና ሂዱ፤ እኛ ጀምረናል።