የጉበት ስብ በሽታና አመጋገብ

የጉበት ስብ በሽታ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ስብ ሲከማች የሚፈጠር በሽታ ነው። በጤናማ ጉበት ውስጥም ጥቂት ስብ ይገኛል፤ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጉበት ሕዋሳት ስብ ሲይዙ ግን ጉበቱ ሰብቷል ይባላል። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከአራቱ እስከ ከሦስቱ አንዱ ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። አብዛኛው ሰው ሕመም ስለማይሰማው በሽታው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ፣ ለሌላ ጉዳይ በታዘዘ አልትራሳውንድ ወይም የደም ምርመራ ነው።

በአማርኛ «የጉበት በሽታ» ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በቫይረስ የሚመጣውን ሄፓታይተስ ነው። የጉበት ስብ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መነሻዎቹ አመጋገብ፣ የሰውነት ክብደት፣ የስኳር በሽታ፣ የዘር ውርስና አልኮል ናቸው።

== ስያሜ ==

ሰብቶ የተቆጣ ጉበት ለረጅም ጊዜ የጠጪዎች በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ የ20 ሕሙማንን ጉበት በማይክሮስኮፕ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ሕሙማኑ ጠጪዎች አልነበሩም፤ ጉበታቸው ግን የጠጪ ጉበት ይመስል ነበር። አብዛኞቹ ወፍራሞች ነበሩ። በሽታው ከዚያ ወዲህ «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የጉበት ስብ» ሲባል ቆየ።

ይህ ስም በሽታው ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ስሙን ለውጠው ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ አሉት። ሜታቦሊዝም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ ራሱ አካል የሚለውጥበት ሥርዓት ነው። በአዲሱ ትርጉም መሠረት ሕመምተኛው ከጉበቱ ስብ ሌላ የክብደት፣ የደም ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ቅባት ችግር ሊኖርበት ይገባል።

== ስቡ ከየት ይመጣል? ==

ጮማና ቅቤ የሚያበዛ ሰው ጉበቱ ይሰባል የሚለው አስተሳሰብ ቀላልና ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። በ2005 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሽታው ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ የእያንዳንዱን ስብ ምንጭ በልዩ ምልክት ተከታትለው ነበር። በጉበት ከተገኘው ስብ 59 በመቶው ከሰውነት የስብ ክምችት በደም ተጉዞ የመጣ ሲሆን፣ 26 በመቶውን ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከስታርች ሠርቶታል። በቀጥታ ከተበላ ቅባት የመጣው 15 በመቶ ብቻ ነበር። እርግጥ በሰውነት የተከማቸውም ስብ ዞሮ ዞሮ ከትርፍ ምግብ የመጣ ነው።

ዋናው ሆርሞን ኢንሱሊን ነው። ጤናማ በሆነ ሰው ኢንሱሊን የስብ ሕዋሳት ክምችታቸውን እንዳይለቁ ይይዛቸዋል። ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ሲያቆም ግን የስብ ሕዋሳት ቀንና ሌሊት ወደ ደም ይለቃሉ። ጉበትም የመጣውን ይቀበላል፤ በዚያው ላይ ደግሞ ከስኳር አዲስ ስብ መሥራቱን ይቀጥላል።

የዝይ አርቢዎች ይህን ከሳይንስ በፊት ያውቁት ነበር። የጥንት ግብፃውያን ዝይን እህል በግድ ያጎርሱ እንደነበር በመቃብር ግድግዳ ሥዕሎቻቸው ይታያል። ሮማውያን ደግሞ ለዚሁ ዓላማ በለስ ይቀልቡ ነበር፤ የጣልያንኛ፣ የስፓኒሽና የፈረንሳይኛ የ«ጉበት» መጠሪያዎች የመጡት በለስን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። ዛሬም በፈረንሳይ ዳክዬና ዝይ ጉበታቸው እንዲሰባ በብዛት የሚጎርሱት በቆሎ ነው።

== ስኳር ==

የገበታ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ግሉኮስን ጡንቻና አንጎልም ይጠቀሙበታል። ፍሩክቶስን በብዛት የሚያስተናግደው ግን ጉበት ነው፤ ሲበዛበትም ወደ ስብ ይለውጠዋል። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የኮካ ኮላ ጣሳ ወደ 35 ግራም ስኳር ይይዛል፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ። ፈሳሽ ስኳር እንደ ምግብ ስለማያጠግብ ሰው ከመደበኛው ምግብ ሳይቀንስ ይጨምረዋል። ማርም በተፈጥሯዊነቱ ነፃ አይወጣም፤ ከክብደቱ ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው ፍሩክቶስ ነው።

ሙሉ ፍሬ መብላት ሌላ ነገር ነው። አሰሩ መጠኑን ይገድባል፣ ስኳሩንም በዝግታ ያደርሳል። ከጭማቂ ቤት በትልቅ ብርጭቆ የሚቀርብ፣ ስኳር የተጨመረበት ጭማቂ ግን ከፍሬው ይልቅ ለለስላሳ መጠጥ የቀረበ ነው።

== የቅባት ዓይነት ==

የቅባት መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ለውጥ ያመጣል። በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ወጣትና ቀጭን ሰዎችን ለሰባት ሳምንት ትርፍ ኬክ አብልተው ነበር። የግማሾቹ ኬክ በፓልም ዘይት፣ የግማሾቹ በሱፍ ዘይት የተሠራ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በእኩል መጠን ክብደት ጨመሩ፤ የጉበት ስብ ግን ይበልጥ የጨመረው ፓልም የበሉት ላይ ነው። ፓልም በኢትዮጵያ የሚረጋ ዘይት ተብሎ በስፋት የሚሸጠው ነው።

== በኢትዮጵያ ማዕድ ==

የኢትዮጵያ መደበኛ ምግብ ለጉበት የሚስማማ ብዙ ነገር አለው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከነገለባው የሚፈጨው ጤፍ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን የታዘዙት አጽዋማት በዓመት 180 ቀን ያህል ሲሆኑ፣ በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አይበላም። ይሁን እንጂ የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ምግብ አይደለም። በሚረጋ ዘይት የተቁላላ ወጥ፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስቲና ስኳር የበዛበት ሻይ ሁሉም የጾም ናቸው። ለስላሳ መጠጥም እንዲሁ።

ቡና ስሙ በመልካም ይነሣል። በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳ ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ጥቅሙን በራሱ እጅ ይቀንሰዋል።

የአኗኗር ለውጥ ምን እንደሚያመጣ በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ታይቷል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡት ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አይገኝባቸውም ነበር፤ በአዲሱ አገር ከኖሩ በኋላ ግን በሽታው በፍጥነት ጨመረባቸው። የስኳር በሽታና የጉበት ስብ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

== ሲራቡም ይሰባል ==

ጉበት በእጦትም ይሰባል። ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ በ1930ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ጡት ከጣሉ በኋላ በቆሎ ብቻ ሲመገቡ ሰውነታቸው ያበጠ ሕፃናትን በሽታ ገለጸች፤ ክዋሺዮርኮር ይባላል። የእነዚህ ሕፃናት ጉበት በስብ የተሞላ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ጉበት ስብን ወደ ደም የሚልከው በፕሮቲን ጠቅልሎ መሆኑ ነው፤ ፕሮቲን ሲጠፋ ስቡ መውጫ ያጣል። ከኢንሱሊን ግኝት ጋር ስሙ የሚነሣው ካናዳዊው ቻርልስ ቤስት ደግሞ በዚያው ዘመን ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲጎድል ጉበት እንደሚሰባ አሳይቷል። ኮሊን በእንቁላል፣ በሥጋና በጥራጥሬ ይገኛል።

== አካሄዱና መቀልበሱ ==

ስብ ብቻ ያለበት ጉበት ለዓመታት ያለ ጉዳት ሊቆይ ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች ግን ጉበቱ ይቆጣል፣ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ፣ አልፎም የጉበት ካንሰር ሊከተል ይችላል። ያም ሆኖ ብዙ የጉበት ሕሙማንን የሚገድለው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃዎች በሽታው ይቀለበሳል። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ መቀነስ የጉበትን ስብ ያሳንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀነስ ቁጣው ይበርዳል፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱ ሰዎች ጠባሳቸው ሳይቀር የሚያንስበት ጊዜ አለ። ለ90 ኪሎ ሰው 5 በመቶ ማለት አራት ኪሎ ተኩል ነው። አካል እንቅስቃሴ ክብደት ባይቀንስም የጉበት ስብን ይቀንሳል። ራስን አስርቦ በጥቂት ሳምንታት መክሳት ግን የጉበትን ቁጣ ሊያባብስ ይችላል።

የምግቡ ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። በእስራኤል 294 ሰዎች ለ18 ወራት የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት የሜዲትራኒያን አመጋገብ አነጻጽሯል። ቀይ ሥጋ ቀንሰው አረንጓዴ ሻይና ተጨማሪ ዕፀዋት የወሰዱት ሰዎች ከሌሎቹ እኩል ቢከሱም የጉበት ስባቸው የቀነሰው በእጥፍ ያህል ነው።

ጉበት «ያጥባል» እየተባለ የሚሸጥ ውጥ ወይም ዱቄት ስቡን እንደሚያጠፋ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበትን ይጎዳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በመጋቢት 2024 ሬስመቲሮምን፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድን ጉበታቸው ተቆጥቶ ጠባሳ ለያዘ፣ ነገር ግን ሲሮሲስ ላልደረሱ ሕሙማን ፈቅዷል። ሁለቱም የሚታዘዙት ከአመጋገብ ለውጥና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው።