ከጉባኤ ቃና እስከ ግራመር

የጣናን ዳርቻ ይዞ የተጓዘ ሰው ከጥንት ጀምሮ አንድ ነገር ሳያስገርመው አላለፈም። እርፍ ጨብጦ ያደገ የገበሬ ልጅ እናቱም አባቱም በማይናገሩት ቋንቋ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ግጥም ሲገጥም ያገኘዋል። ቋንቋው ግዕዝ ነው። ግዕዝ የውጭ አገር ቋንቋ አይደለም። ይሁንና አፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት ስላለፉ ለጎጃሙም ሆነ ለበጌምድሩ ልጅ ከባዕድ ቋንቋ የማይተናነስ እንግዳ ነው። ታዲያ ይህን ልጅ ከቤቱ አስኮብልሎ፣ ደበሎ አልብሶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እያታገለ በኮቸሮ የሚያኖረው ምን ይሆን?

እግዚአብሔርን መፍራት ነው የሚሉ አሉ። ሹመቱና መሬቱ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን አይበቁም። ይህ ጸሐፊ እንደሚገምተው ትልቁ ምክንያት ጨዋታው ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ማውረድ ሲጀምር «መጀመሪያ ቋንቋውን ጨርስ፣ ከዚያ ትናገራለህ» አይባልም። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል። እርሷን ሲያሟላ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ቀን ወደ ጫካው ገብቶ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፤ በኋላ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቃሉ ቢዛነፍ ያርሙታል፣ ምሥጢሩ ቢሳሳ ይነቅፉታል፣ ካማረለት ግን ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ ይመሰገናል። ልብ በሉ፤ ልጁ ያቀረበው ከመጽሐፍ የቀዳውን የሌላ ሰው ዐረፍተ ነገር አይደለም፣ የራሱን ነው። የትናንቱም ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም፤ ነገ ሌላ አዲስ ይፈለግበታል። ባልንጀራው ከሰሙ ሥር የሸሸገውን ወርቅ ፈልፍሎ ማውጣት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። በዚህ መካከል ሰዋስው ሳይታወቅ ይገባል። አንዱን ግስ በተሳሳተ ቦታ ያዋለ ልጅ ባልንጀሮቹ ከሳቁበት በኋላ ዳግመኛ ይስታል ማለት ዘበት ነው።

ቅኔ ቤት ገነት ነበር ማለት ግን አይደለም። ረኃቡ፣ እከኩ፣ ቁጣው አለ። አብሾ ጠጥተው አእምሯቸው የተናወጠ ተማሪዎች ወሬም በየደብሩ ይሰማል። ሴት ልጅማ ወደ በሩም አትቀርብም ነበር፤ በጎጃም፣ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው አንድም ብርቅ በመሆናቸው ነው።

ፍርሃትና ደስታ በአንድ ልብ ውስጥ እንዴት ያድራሉ የሚል ቢኖር፣ ዣን ማርክ ደዋልና ፒተር ማክኢንታየር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ መርምረዋል። ከልዩ ልዩ አገሮች 1,746 የቋንቋ ተማሪዎችን ጠይቀው ያገኙት፣ በክፍል ውስጥ የሚሰማው ደስታና ጭንቀት የአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች አለመሆናቸውን ነው። አንዱ ስለ ቀነሰ ሌላው የግድ አይጨምርም፤ ሰው እየፈራም ሊደሰት ይችላል። የኔታ ፊት የቆመ ልጅ ይህን ሳይነገረው ያውቀው ነበር።

የጣና ዳር ሰው ነገሩን ባሕር አሻግሮም ሞክሮታል። በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ላይ የተወለዱት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ሥዕል ሊማሩ ኢጣልያ ሄደው ኋላ በናፖሊ የምሥራቃውያን ተቋም አማርኛ አስተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1905 ለኢጣልያውያን የሚሆን የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። በ1908 ደግሞ እዚያው ሮም «ልብ ወለድ ታሪክ»ን እና በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈ የመንገደኛ መምሪያ አወጡ። በመምሪያው ፈረንጁና ያገሬው ሰው ይነጋገራሉ፤ ያገሩ አስተዳደርም ሲተች ይገኝበታል። ቋንቋ ተማሪው ግስ እያጠና መሆኑን ረስቶ «ቀጥሎስ ምን አለው?» እንዲል የሚያደርግ መጽሐፍ ነው። በፋሺስት ዘመን ለጠላት ማደራቸው ስማቸውን አጉድፎታል፤ ይህም ተገቢ ነው። የአስተማሪነት ብልሃታቸውን ግን መካድ አይቻልም።

ወደ ዛሬይቱ ባሕር ዳር እንምጣ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ ቀጥሎ በ1960ዎቹ የመምህራን ትምህርት አካዳሚው መጣ፤ በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተጣምረው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የእንግሊዝኛ መምህር የሚፈለፈልባት ከተማ ናት። ሆኖም በአገሪቱ ሁሉ እንደሚታየው ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲማር ከርሞ፣ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀው አፉ ይተሳሰራል። ባዶ ቦታ ይሞላል፣ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባል፣ አንዲት የራሱን ዐረፍተ ነገር ሳይሠራ ዓመቱ ያልቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የገባው የፕላዝማ ትምህርትማ ጥያቄ የሚቀበል ጆሮ እንኳ አልነበረውም። ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋው ነው አንልም፤ የሒሳቡም የፊዚክሱም ጥያቄ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

በአንጻሩ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ቱሪስት የሚያመላልሱትን ወጣቶች ያየ ሰው፣ ግራመሩ ቢያነክስም አንደበታቸው እንደማይዘጋ ይመሰክራል። ቀልድ ያውቃሉ፤ ቀልዱ ካልሠራም ሌላ ይሞክራሉ።

«ስድሳ ተማሪ ይዤ የማንን ንግግር አዳምጣለሁ?» የሚል መምህር እውነት አለው። ቅኔ ቤትም ይህ ችግር ነበረበት። የኔታ ሁሉን መስማት ሲያቅታቸው በትምህርቱ የገፋውን ተማሪ አስነጋሪ ያደርጉታል፤ ታናናሾቹ መጀመሪያ ለእርሱ ይነግራሉ፣ እርሱም እያረመ ራሱ ይማራል። ለዚህ ሥራ ደመወዝም አዲስ ሕንጻም አልተጠየቀበትም፤ የዛፍ ጥላ በቂ ነበር።