ሦስት ሰዎች በጀልባ የደረሱበት ምሽግ

ቨርጂኒያ ውስጥ ታሪክ መጎብኘት ውድ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሐሳባቸው ዊሊያምስበርግ ላይ ነው። እዚያ የጥንት ልብስ የለበሱ አስጎብኚዎች ወዳሉባቸው ቤቶች ለመግባት ትኬት ይቆረጣል፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ሒሳቡ ይከብዳል። ጉዞው ከዚያ ባይጀመር እመርጣለሁ። የዚህ ስቴት ትልቁ ታሪክ ያለ መግቢያ ክፍያ ይታያልና።

ሃምፕተን ከተማ ጫፍ፣ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ ዙሪያውን ውኃ የተሞላ ቦይ የከበበው ፎርት ሞንሮ የሚባል የድንጋይ ምሽግ አለ። ምሽጉ ከመሠራቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1619፣ «ዋይት ላየን» የተባለች መርከብ ከአንጎላ ተግዘው የመጡ ሃያ ያህል አፍሪካውያንን ይዛ የደረሰችው እዚሁ ዳርቻ ነው። በእንግሊዛውያኑ ቨርጂኒያ የአፍሪካውያን የባርነት ዘመን ከዚያ ይቆጠራል።

ያው ዳርቻ በሜይ 1861፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በጀመረ ሰሞን፣ ሌላ ነገር አየ። ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጀምስ ታውንሰንድ የተባሉ ሦስት ባሮች ለደቡቡ ጦር የመድፍ ምሽግ እንዲሠሩ ታዘው ሳለ፣ በሌሊት ጀልባ ቀዝፈው ወደ ፎርት ሞንሮ ተሻገሩ። በማግስቱ የጌታቸው ወኪል ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና ያመለጠ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚለውን የአሜሪካ ሕግ ጠቅሶ ይመለሱልኝ አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር ጠበቃ ነበር። ቨርጂኒያ ተገንጥያለሁ ካለች የአሜሪካ ሕግ አይጠቅማትም፤ ሰዎቹም ለጠላት ጦር ሲሠሩ የነበሩ ናቸውና የጦርነት ምርኮ ብዬ ይዣቸዋለሁ ሲል መለሰ። ክርክሩ ሰውን አሁንም እንደ ንብረት የሚቆጥር ነበር፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። ወሬው ግን ሲዛመት ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎችም በእግራቸው መጉረፍ ጀመሩ። በሺዎች ሆኑ። መጽሐፍ የበትለርን ስም ያስቀድም ይሆናል፤ በሩን ያስከፈቱት ግን እነዚያ ሦስት ቀዛፊዎች ናቸው።

በምሽጉ ግንብ ውስጥ ያለው ሙዚየምም በነፃ ነው የሚታየው። ከዚያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ፣ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ቅርንጫፎቹ መሬት እስኪነኩ የተዘረጉ የኦክ ዛፍ አለ። ሜሪ ፒክ የተባለች ነፃ ጥቁር መምህርት ካመለጡት ወገን የሆኑትን ፊደል ያስቆጠረችው ከጥላው ሥር ነበር። በ1863 የሊንከን የነፃነት አዋጅም እዚያው ተነብቧል።

ከሃምፕተን ወደ ጀምስታውን ስትቀጥሉ ኮሎኒያል ፓርክዌይን ምረጡ። ከዮርክታውን በዊሊያምስበርግ አድርጎ እስከ ጀምስታውን 23 ማይል ነው፤ ክፍያ የለበትም፣ የጭነት መኪናም አይገባበትም። ጫፉ ላይ መኪና ጭኖ የጀምስን ወንዝ የሚያሻግር የስቴቱ ጀልባ አለ፣ እሱም በነፃ። ልጆች ከመኪና ወርደው የጀልባውን መከለያ ብረት ተደግፈው የባሕር ወፎቹን ሲያዩ ሩብ ሰዓቱ ያልቃል። ዊሊያምስበርግም ቢሆን ዋናውን መንገድ በእግር ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ጀምስታውን ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ የ1607ቱ የእንግሊዛውያን ሰፈር በቁፋሮ የተገኘበት ስፍራና ምሽጉ ዳግም የተሠራበት ሙዚየም ለየብቻ ትኬት አላቸው። ጊዜ ካጠራችሁ ቁፋሮውን ምረጡ።

የሆቴል ዋጋ የሚንረው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሰመር ነው፣ ሙቀቱም ያኔ አይቻልም። በኖቬምበር ወይም በማርች፣ በተለይ በሥራ ቀን፣ ዋጋው ይቀንሳል። ከአሌክሳንድሪያ የሚነሳ ሰው አርብ ከሰዓት በኋላ I-95 ላይ ባይወጣ ይሻለዋል፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ቢነሳ በሦስት ሰዓት ግድም ይደርሳል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ ራሷ የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደ እሷም ጎርፈው ነበር፤ በበሽታና በችግር ካለቁት ወደ 1,700 የሚጠጉት ከ1864 እስከ 1869 በሳውዝ ዋሽንግተን ጎዳና ዳር ተቀብረዋል። በኋላ ነዳጅ ማደያ ተሠራባቸው። ዛሬ ማደያው ፈርሶ ቦታው ከ2014 ጀምሮ መታሰቢያ ሆኗል፤ ከሥራ መልስ ልጆችን ይዞ ጎራ ማለት ይቻላል።