ከቦሌ ቁልቁል ወደ ውቅያኖስ ወለል

ለመሆኑ ባሕር የሌለው አገር ልጅ የውቅያኖስን ወለል እንዴት ይማረው? ከቦሌ እስከ ኮተቤ ያለ ተማሪ ስሞቹን ይሸመድዳል፤ የባሕር ውስጥ ሸንተረር፣ ገደል፣ ሜዳ። ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ቢረሳ አይፈረድበትም፤ የሰው አገር ወሬ ሆኖ ነዋ የተነገረው! ታሪኩ ግን ከእኛ ደጅ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሜሪ ታርፕ የተባለች አሜሪካዊት፣ መርከቦች በድምፅ ማሚቶ የለኩትን የአትላንቲክን ጥልቀት ከቁጥር ወደ ካርታ ትገለብጥ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት በምርምር መርከብ ላይ አትሳፈርም፤ ወንዶቹ ለክተው ያመጣሉ፣ እሷ ቢሮ ቁጭ ብላ ትስላለች። ከሥዕሏ መካከል፣ ከሸንተረሩ አናት ላይ፣ ረጅም ስንጥቅ ወጣ። ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው። ኋላ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣባቸው ቦታዎች በዚያው ልክ በተሠራ ካርታ ላይ ሲነጠቡ፣ ነጥቦቹ ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። መስመሩ የሕንድን ውቅያኖስ ዞሮ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጋር ገጠመ። ከውኃ በታች ማንም ያላየውን ሸለቆ ለማመን፣ በየብስ ያለው የእኛው ምስክር ሆነ ማለት ነው።

እዚህ አራት ኪሎም ዝም ተብሎ አልተቀመጠም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞ፣ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ።

ዋናው ትዕይንት አፋር ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታም እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ! የውቅያኖስ ወለል የሚወለደው እንዲህ ነው፤ አብዛኛው ዓለም ይህን ለማየት ጥልቅ ባሕር መውረድ አለበት።

እንግዲህ ለቦሌ ልጅ ትምህርቱን ከየረር ተራራ እንጀምርለት፤ ከሰፈሩ ይታየዋል፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከዚያ የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ያፈነዳቸው ጉድጓዶች። ከዚያ አዳማ፣ አዋሽ፣ እየወረደ አፋር፤ እስከ ዳሎል፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ። የዚያ አገር ጨው ቀይ ባሕር ገብቶ የደረቀበት ነው። አያቶቻችን አሞሌ ብለው እንደ ገንዘብ ተገበያዩበት፤ የባሕር ቁራሽ ተሸክመው ገበያ ይወጡ ነበር።

በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሲነቀንቅ፣ ልጆች ምንድነው ብለው ጠየቁ። ይህን ታሪክ የነገራቸው ስንቱ ነው? ባሕሩ ነገ አይመጣም፤ ሚሊዮን ዓመታት ይፈልጋል። ከአዋሽ ወዲህ ያለው ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ስድስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በገዛ ማስመሪያው ላይ ያሳዩት።