በአንድ ድንበር ሦስት ዘመን አቆጣጠር፦ መካኒካል ሰዓቶች ፀሐይን፣ ጨረቃን እና በዓላትን እንዴት ይቆጥራሉ?

በመተማ ዮሐንስ እና በገላባት መካከል ያለው ርቀት በእግር የጥቂት ደቂቃዎች ጉዞ ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያን እና ሱዳንን የሚለያያቸው ጠባብ የጅረት መውረጃ ብቻ ነው። የሚሻገረው ሰው ግን ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑን፣ ወሩን እና ዓመቱንም ይቀይራል። መተማ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ገላባት ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት 11 ይላል።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አልነበረም። ሱዳን እ.አ.አ. በጃንዋሪ 2000 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት በመግፋቷ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ገብታ ነበር። እ.አ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ ወደ ቀድሞው ተመለሰች። በእነዚያ ዓመታት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ የሚወርድ የጎንደር ሠራተኛ ሰዓቱን መንካት አያስፈልገውም ነበር። የሁለቱ ወገኖች አቆጣጠር ልዩነት ልክ ስድስት ሰዓት በመሆኑ፣ የአጭሩን ቆጣሪ ተቃራኒ ጫፍ ማንበብ ይበቃዋል። ዛሬ ልዩነቱ አምስት ሰዓት ሆኗልና ይህ ዘዴ አይሠራም።

ፀሐይ ራሷ ከሁለቱም ጋር አትስማማም። መተማ የምትገኝበት ኬንትሮስ በሁለቱ የሰዓት ቀጠናዎች መካከል ላይ ስለሚውል፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 6 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ፣ በገላባት ሰዓት ደግሞ 11 ሰዓት ከ35 ላይ ነው።

በእንዲህ ያሉ አለመጣጣሞች ላይ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉ ባለሙያዎች አሉ። እነርሱም የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች ናቸው። በሙያው ቋንቋ ከሰዓት፣ ከደቂቃ እና ከሰከንድ በላይ የሚያሳይ ማንኛውም ተጨማሪ አሠራር ‘ኮምፕሊኬሽን’ ይባላል። የጨረቃን መሙላትና መጉደል ማሳየት፣ የሌላ አገር ሰዓት መያዝ፣ ወሩ 30 ወይም 31 መሆኑን ሳይነገረው ማወቅ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ባትሪም ሆነ ኮምፒውተር የለም። ሥራውን የሚሠሩት ሞላ፣ ባለጥርስ ጎማዎች እና በጣት ጥፍር ላይ የሚያርፉ ዘንጎች ናቸው።

የፀሐይን መዛነፍ የሚያሳየው አሠራር ‘የጊዜ እኩልታ’ የሚል ስም አለው። የምድር ምህዋር ፍጹም ክብ ባለመሆኑ እና ዘንጓ በማዘንበሉ ምክንያት የፀሐይ ቀን አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። በዚህም የተነሳ ፀሐይ በዓመት ውስጥ ከእጅ ሰዓት እስከ 16 ደቂቃ ትቀድማለች፣ እስከ 14 ደቂቃም ትዘገያለች። ሁለቱ የሚገናኙት በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ይህን ሁሉ የኩላሊት ቅርጽ ባላት አንዲት የብረት ቁራጭ ጠርዝ ላይ ይቀርጹታል። ቁራጯ በዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች፤ ጠርዟን የሚዳስስ ዘንግም ልዩነቱን በደቂቃ ያሳያል። ከንጋት ጀምሮ ሰዓት ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ የቅንጦት ጌጥ ብቻ ላይሆን ይችላል።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

በዚህ ሙያ ታሪክ የኢትዮጵያ ስም ከሚነሳባቸው ቁሶች አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእጅ ሰዓት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ወደ አገራቸው የገቡት በሱዳን በኩል ነበር፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ከ13 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን በይፋ ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው የሚነገርለት ሰዓት ‘ፓቴክ ፊሊፕ 2497’ ነው። መያዣው ወርቅ፣ ገጹ ጥቁር ነው። ከላይ በሁለት ትንንሽ መስኮቶች ዕለቱንና ወሩን፣ ከታች ደግሞ ቀኑን ከጨረቃዋ ጋር ያሳያል።

ሰዓቱ እ.አ.አ. በሜይ 2017 ጄኔቫ ውስጥ በክሪስቲስ አጫራች ድርጅት ሊሸጥ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም የባለቤትነት ጥያቄ በመነሳቱ ከጨረታው ወጣ። በ2020 ግን እንደገና ቀርቦ ከ2.6 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከቤተ መንግሥት የወጡ ንብረቶች የማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ግን በአንድ ጨረታ የሚዘጋ አይደለም።

የሰዓቱ ትልቁ ችሎታ ‘ዘላለማዊ ቀን መቁጠሪያ’ ይባላል። እንግሊዛዊው ቶማስ መጅ በ1762 በኪስ ሰዓት ውስጥ ያስገባው ይህ አሠራር በአንዲት ክብ ሰሌዳ ላይ የቆመ ነው። ሰሌዳዋ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስትዞር ጠርዟ ለ48 ወራት ተከፋፍሏል። 31 ቀን ያለው ወር ጠርዙ ሳይነካ ይቀራል። ባለ30 ቀን ወር ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ስርጉድ፣ የካቲት የሚገጥመው ፌብሩዋሪ ደግሞ ጥልቅ ስርጉድ ይኖረዋል። በወሩ መጨረሻ ላይ አንድ ዘንግ ወደ ስርጉዱ ይገባና በጥልቀቱ ልክ ቀኖችን ይዘላል። ‘ትውስታው’ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት የቆጠረው የጎርጎሮሳውያንን ዘመን ነው፤ ያ ደግሞ ከራሳቸው አገር አቆጣጠር ይልቅ ለሰዓት ሠሪ እጅግ ያስቸግራል። በኢትዮጵያ 12ቱም ወራት እኩል 30 ቀን አላቸው። የምትለየው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ ሦስት ዓመት 5፣ በአራተኛው በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰሌዳ 52 ክፍሎች ይኖሩትና ስርጉድ የሚያስፈልገው በአራት ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ከአራቱም ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በምዕተ ዓመት መዝጊያ የሚቀነስ ቀን ስለሌለም ሰሌዳው ስሙ እንደሚለው ዘላለማዊ ይሆናል። ማንኛውም ሰዓት ሠሪ ይህን ስሌት በቀላሉ ይወደዋል።

ጨረቃ በገዳሪፍ

ከጅረቱ ማዶ ሦስተኛ አቆጣጠር ይሠራል። የሱዳን መንግሥት የሥራ ቀን መቁጠሪያ ጎርጎሮሳዊው ሲሆን፣ ረመዳን እና ዒድ ግን የሚመጡት በሂጅራ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ቀን ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ 11 ዓመታት 355 ይሆናሉ። ፓርሚጃኒ ፍለሪየ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ይህን የ30 ዓመት ዑደት በእጅ ሰዓት ውስጥ በማስገባቱ በ2020 በጄኔቫ ዓመታዊ የሰዓት ውድድር የፈጠራ ሽልማትን አግኝቷል።

ይሁንና የጥርስ ቁጥር ከሰማይ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የሱዳን ሙስሊሞች የረመዳንን መግቢያ የሚያውቁት ጨረቃ መታየቷ ሲታወጅ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ የሚያውቀው ስሌቱን ብቻ ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ሲፈጠር ባለቤቱ መርፌ መሰል መግፊያ ይዞ ያስተካክላል።

የጨረቃ ማሳያውም የራሱ ጉድለት አለው። በተለመዱት ሰዓቶች ሁለት ጨረቃዎች የተሳሉበት ሰሌዳ 59 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ ለአንድ ጨረቃ 29 ቀን ተኩል ይደርሳታል። እውነተኛዋ ጨረቃ ከዚያ በ44 ደቂቃ ገደማ ትበልጣለች፤ ስህተቱ ተጠራቅሞ በሁለት ዓመት ከ8 ወር አንድ ቀን ይሞላል። 135 ጥርስ ያለው አሠራር ስህተቱን በ122 ዓመት አንድ ቀን ያደርገዋል። አይደብልዩሲ በ2024 ያወጣው ሰዓት ደግሞ አንድ ቀን ለመሳሳት 45 ሚሊዮን ዓመት እንደሚወስድበት ኩባንያው ይናገራል። ማን ቆይቶ እንደሚያረጋግጥለት አይታወቅም።

ባሕረ ሐሳብ እና ፋሲካ

ከሁሉም የከበደው የፋሲካ ስሌት ነው፤ ፀሐይን፣ ጨረቃን እና ሳምንትን አንድ ላይ ይጠይቃል። ዣን ባፕቲስት ሽዊልጌ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ካቴድራል በሠራው ታላቅ ሰዓት ውስጥ ይህን የሚያሰላ ማሽን አስገብቷል። ፓቴክ ፊሊፕ በ1989 ባወጣው ‘ካሊበር 89’ ውስጥ ግን ሠሪዎቹ ስሌቱን ትተው የየዓመቱን ቀን በስርጉድ ቀረጹ፤ ሰሌዳው በ2017 አለቀ። ባለ33 ኮምፕሊኬሽኑ ሰዓት ከዚያ በኋላ አዲስ ሰሌዳ ያስፈልገዋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ለዚህ መፍትሔ አለው። የ2018 ዓ.ም. ምሳሌ እንውሰድ፦ 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ ደግሞ 18 ይሆናል። የሁለቱ ድምር ዘወትር 30 ነው። መስከረም 18 እሑድ ስለሚውል የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ መባጃ ሐመር 25 ይመጣል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ከእርሷ 69 ቀን በኋላ ሚያዝያ 4 ይውላል። ይህ ዑደት ራሱን የሚደግመው በ532 ዓመት ነው። የጎርጎሮሳውያኑ ፋሲካ ግን ወደ መነሻው ለመመለስ 5.7 ሚሊዮን ዓመት ያስፈልገዋል። ቫሸሮን ኮንስታንቲን በ2015 ባቀረበው ባለ57 ኮምፕሊኬሽን የኪስ ሰዓት ውስጥ የአይሁድን አቆጣጠር የሠራው በዚሁ የ19 ዓመት ዑደት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ጉዳዩ ለምሥራቅ ሱዳን የእውቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ሸሽተው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ መጠለያ የሠፈሩ ሰዎች የልደት ቀናቸው የተመዘገበው በአንዱ አቆጣጠር፣ የሚጠየቁት በሌላው ነው። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቅጽ ላይ ዓመቱ ሳይቀየር ከተጻፈ፣ በወረቀት ላይ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። ከ2015 ጦርነት በኋላ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩት ሱዳናውያን ደግሞ ተመሳሳዩን ስሌት በተቃራኒው ጎን ማስላት ነበረባቸው።

የንጉሠ ነገሥቱን ሰዓት የገዛው ሰው ወይም ወራሹ አንድ ቀን ሰዓት ሠሪ መጥራቱ አይቀርም። እ.አ.አ. በ2100 የጎርጎሮሳውያኑ ዘመን ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም፤ ሰሌዳው ግን የአራት ዓመቱን ሕግ ብቻ ስለሚያውቅ ያን ቀን ያሳያል። ያኔ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀትም በአንድ ቀን ይሰፋል። የዓድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23፣ በ1888 ዓ.ም. ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ማርች 3 ይሆናል።